እጃችንን ከማውጣታችን በፊት

ይህን የምጽፈው ለእናንተ ለዕድሜ እኩዮቼ ነው። በወረዳ ምክር ቤት ወንበር ላላችሁ፣ በሰበካ ጉባኤ ለምትመክሩ፣ በዕድርና በሽምግልና ቃላችሁ ለሚሰማ፣ በወላጅና መምህር ኅብረት ስለ ልጆቻችን ትምህርት ለምትከራከሩ፣ ጡረታ ወጥታችሁም አገር ምክር ለሚጠይቃችሁ ሁሉ ነው። ነገሩ የሚጎዳው ልጆቹን ቢሆንም ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ማጥፋቱም ማዳኑም ገና በእኛ እጅ ያለ ስለሆነ፣ ቃሌ ቢከብዳችሁም እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

በደቡብ ጎንደርም ሆነ በሌላው ደጋ የቀረን ደን ጥቂት ነው። በዚያ ደን ውስጥ የተጠጉት አራዊትና አዕዋፍም ጥቂት ናቸው። ከሁለቱም ይልቅ በፍጥነት እያለቀ ያለው ግን የሚያውቃቸው ሰው ነው። የሕዝብ ገንዘብ ለችግኝ ይወጣል፤ ለደን ጠባቂ ደመወዝ ይወጣል። ልጆች በደናቸው ውስጥ ምን እንደሚኖርና ምን እንደሚሠራ እንዲያውቁ ማድረጊያ የሚሆን ገንዘብ ግን ያለ ባለቤት ቀርቷል። ይህ በዚሁ ከቀጠለ ደኑን የሚረከበው ስሙን እንኳ የማይጠራው ትውልድ ነው። ስሙን የማያውቁትን ነገር ደግሞ ለመቁረጥ ማንም አይሳሳም።

ማጋነን መስሎ የሚታያችሁ ካላችሁ በአካባቢያችሁ ያለውን አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ጠርታችሁ ጉሬዛና ጦጣ በምን እንደሚለያዩ ጠይቁት። እኔ ብዙዎችን ጠይቄአለሁ። አብዛኞቹ «ሁለቱም እህል ሌቦች ናቸው» ነው የሚሉኝ። በእኛ ዘመን ከብት ጠባቂ የነበረ ልጅ ሁሉ ልዩነቱን ያውቅ ነበር። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው። ሆዱ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ ሌላው እንስሳ የማይችለውን ጠንካራ ቅጠል በውስጡ ባሉ ረቂቅ ነፍሳት እያብላላ ይኖራል። አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ በአራቱ ጣቶቹ ብቻ ቅርንጫፉን ጨብጦ ከዛፍ ዛፍ ይወረወራል እንጂ ወደ መሬት የሚወርደው ከስንት አንዴ ነው። ማሳ ገብተው በቆሎውንና ገብሱን የሚያበላሹት ጦጣና ዝንጀሮ ናቸው። ልጁ ይህን ካላወቀ ግን ወንጭፉን የሚያነሣው በቅድሚያ በጉሬዛው ላይ ነው። ጉሬዛ በጥቁርና በነጭ ጠጉሩ ከሩቅ ይታያል፣ በቡድን ይቀመጣል፣ ቦታውንም አይለቅም። ስለዚህ ያልሰረቀው እየተገደለ፣ የሰረቀው በሌላ በኩል ዞሮ ማሳ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ከደን ዳር ባሉ ቀበሌዎች ከትምህርት ገበታ የሚቀረው ልጅ ብዙ ጊዜ እህል የሚጠብቀው ልጅ ነው። አዝመራ ሲደርስ ጧት ወጥቶ ማታ ይገባል፤ ጦጣና ዝንጀሮ ሲያባርር ይውላል። ከአውሬ ጋር በየቀኑ የሚገናኘው፣ ነገ የደኑን ዕጣ የሚወስነው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ስለ አውሬው የሚነገረው አንዳች ነገር የለም። የአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ቢኖርም እሱ በዚያ ሰዓት ማማ ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ያለውም ልጅ ቢሆን አንበሳና ዝሆን በሥዕል አይቶ ይሄዳል እንጂ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ደን ውስጥ ስላለው ድኩላ የሚነግረው የለም።

አሁን ወደ ደኑ ልምጣ። በአውሮፕላን ወይም በሳተላይት ፎቶግራፍ አካባቢያችንን ያየ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፦ ሰፊ የታረሰ መሬት፣ በመካከሉ እዚህም እዚያም ክብ ክብ አረንጓዴ። እያንዳንዱ ክብ ደብር ወይም ገዳም ነው። በክልሉ ውስጥ እነዚህ ደኖች በሺህ ይቆጠራሉ፤ አብዛኞቹ ግን ስፋታቸው ከጥቂት ሄክታር አይበልጥም። እንደ ገላውዴዎስ ያሉት ትልልቆቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አባቶቻችን ደን የሌላትን ቤተ ክርስቲያን ልብስ እንዳልለበሰች ስለሚቆጥሩ ጠብቀው አቆዩልን። የመንግሥት ደን በየዘመኑ ሲመነጠር ወይራውና ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱና ዋንዛው የተረፉት በዚያ ክብ ውስጥ ነው። ጉሬዛውም፣ ድኩላውም፣ ፍሬ በሊታ ወፎቹም የተጠጉት እዚያው ነው።

ብዙዎቻችሁ በ«እመጓ» መጽሐፉ የምታውቁት ዶክተር አለማየሁ ዋሴ እሸቴ የሙያ ሥራው የደን ምርምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ በቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን ያጠናቀቀው በእነዚሁ የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነው። ከባልደረቦቹ ጋር ካገኛቸው ነገሮች አንዱን እናንተ እንድታውቁት እፈልጋለሁ፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነውና። ከደኑ ሥር አፈር ቆፍረው በውስጡ ያለውን ዘር መረመሩ። ከአፈሩ ብዙ ዓይነት የሣርና የአረም ዘር ወጣ። የአብዛኞቹ የደኑ ዛፎች ዘር ግን አልተገኘም፤ የእነዚህ ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለዓመታት አይቆይም። ወዲያው ይበቅላል፣ ወይም ይበላል፣ ወይም ይበሰብሳል።

የዚህን ትርጉም ቆም ብላችሁ አስቡት። እኛ ብዙ ጊዜ «ቢቆረጥም መሬቱ አለ፤ ከተከለለ ራሱ ይበቅላል» እንላለን። ለብዙዎቹ ነባር ዛፎች ይህ እውነት አይደለም። ደኑ ከተቆረጠ መሬት ውስጥ የተቀመጠ መጠባበቂያ የለውም። ዘሩ ያለው በቆመው ዛፍ ላይ ነው። ከቆመው ዛፍ ወደ ሌላ ቦታ የሚወስደው ደግሞ ወፉና እንስሳው ነው። ፍሬውን ውጦ በሌላ ቦታ ዘሩን የሚጥል ወፍ፣ በሌሊት ከደን ደን የሚሻገር አውሬ ከሌለ ፍሬው ከእናቱ ሥር ይወድቃል። እዚያ ጥላው ያጫጨዋል፣ ነፍሳት ይበሉታል፣ ከብት ይረግጠዋል። አንዱ ደብር ከሌላው ደብር በታረሰ መሬት ተነጥሎ ባለበት በዛሬው ጊዜ ይህን ርቀት የሚያቋርጥ ሌላ መልእክተኛ የለንም። እንግዲህ በወንጭፍ የምትወድቀው ወፍ የአንድ ልጅ ጨዋታ ብቻ አይደለችም፤ ነገ የሚተካው ዛፍ አብሯት ይወድቃል። እንስሳው የጠፋበት ደን ለጊዜው ቆሞ ይታያል። ሽማግሌ ዛፎች ብቻ ይቀሩበታል፤ ከሥራቸው የሚተካ የለም። እነሱ ሲወድቁ ያልቃል።

የከብቱን ነገር በተመለከተ መልካም ሥራ ተሠርቷል፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ዶክተር አለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከሜግ ሎውማን ጋር ሆኖ ከቀሳውስቱና ከገበሬው ጋር ተማክሮ በደኖቹ ዙሪያ ካብ እንዲካብ አድርጓል። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ነው፤ ለእርሻውም ጠቀመ፣ ለደኑም አጥር ሆነ። ካብ በተካበባቸው ደኖች ውስጥ ቡቃያ መታየት ጀመረ። ነገር ግን ካብ ላምን ያስቆማል እንጂ ሰውን አያስቆምም። ካቡን ዘሎ የሚገባውን ልጅ የሚያስቆመው የሚያውቀው ነገር ብቻ ነው።

ስለ ጅብም ልናገር፤ ከሁሉ ይልቅ የተጠላው እሱ ነውና። ጅብ በብዙ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ጉድጓዱን አበጅቶ ይኖራል። በትግራይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የጅቡን ኩስ እየሰበሰቡ በውስጡ ያለውን የእንስሳ ጠጉር ለዩ። በዐቢይ ጾም ሕዝቡ ሥጋ ስለማያርድ በየደጁ የሚጣል ቅሪት ይጠፋል። በዚያ ወቅት በኩሱ ውስጥ የተገኘው የአህያ ጠጉር ከጾሙ በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ቀነሰ። አያቶቻችን በጾም አህያቸውን በጊዜ በረት የሚያስገቡት ለዚህ ነበር፤ ያለ ምርምር ያውቁት ነበር። ዛሬ ይህን ለልጁ የሚነግረው ስለሌለ አህያው ይበላል፤ አባትየው ተናዶ ለጅብ መርዝ ያስቀምጣል፤ መርዙን ጅብም ውሻም ጥንብ አንሣም ይበሉታል። በመቀሌ ከተማ የተደረገ ሌላ ጥናት ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ሬሳና ቅሪት እንደሚያነሡ አስልቷል። ይህን ያህል ብስባሽ ከየመንደሩ ለማንሣት ማዘጋጃ ቤት ስንት መኪናና ስንት ሠራተኛ ይቀጥር እንደነበር እናንተ በጀት የምታጸድቁት አስሉት። በዚያ ሬሳ ውስጥ አባ ሰንጋና የሳንባ ነቀርሳ ሊኖር እንደሚችልም አትርሱ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ጠባቂ ብቻ በመቅጠር ደንና አራዊት እንደማይድኑ እኛ በዓይናችን ያየን ትውልድ ነን። 1983 ዓ.ም.ን አስታውሱ። መንግሥት ሲለወጥ በየተራራው በዘመቻ የተተከለው ደን በጥቂት ወራት ውስጥ ምን ሆነ? ብዙው ተመነጠረ። በየብሔራዊ ፓርኩ የጥበቃ ሰፈሮች ተዘረፉ። በባሌ ተራሮች ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን በብዛት ተገደለ። የዓለም ሳይንስ ይህን እንስሳ ያወቀውና ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ በሰማንያ ዓመት ውስጥ ሊያጠፉት ተቃርበው ነበር። ሰዉ ክፉ ስለነበር ነው? እኔ አይመስለኝም። የጠመንጃ ዘብ ለዓመታት ደኑን ጠበቀ፤ ለሕዝቡ ግን ደኑ «የመንግሥት» ነበር፤ አጋዘኑም «የመንግሥት አውሬ» ነበር። መንግሥት ሲሄድ የእሱ የሆነውም አብሮ እንዲሄድ ተደረገ። ለዘበኛ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ በፓርኩ ዙሪያ ላሉ ልጆች ትምህርት ውሎ ቢሆን ኖሮ፣ እነዚያ ልጆች በ1983 ዓ.ም. ጎልማሶች ነበሩ።

ሌላ ታሪክም አለን፤ እሱንም አብረን እንይ። በመንዝ የጓሳ ምድር ሕዝቡ በቄሮ ሥርዓት ለ400 ዓመት ገደማ ሣሩን እየዘጋና እየከፈተ ጠብቆ ኖሯል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ የቆመበትን የርስት መሠረት አፈረሰው። ይሁን እንጂ ኅብረተሰቡ ኋላ ራሱ ተሰብስቦ በአዲስ መልክ አቋቋመው፤ ዛሬ ጓሳ የኅብረተሰብ ጥበቃ ሥፍራ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ አሉበት። እንደገና መነሣት የተቻለው ደንቡን የሚያውቁ ሰዎች ገና በሕይወት ስለነበሩ ይመስለኛል። ሳሩ መቼ እንደሚዘጋ፣ ድንበሩ የት እንደሆነ፣ ማን ምን እንደሚወስድ የሚናገር አፍ ነበር። አንድ ትውልድ ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም ነበር። እኛ አሁን ያለነው በዚያ ትውልድ ጫፍ ላይ ነው።

ገንዘቡ የት እንደሚሄድ እንነጋገር። አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት በአጭሩ ልበለው። ክልሉ ለወረዳው ድጎማ ይመድባል፤ ወረዳው ከሚሰበስበው ገቢ ጋር ይደመራል፤ ደመወዝ ከፊቱ ይነሣል። የቀረው ጥቂቱ ለሥራ ማስኬጃ ይከፋፈላል፤ ወረቀት፣ ነዳጅ፣ ውሎ አበል። ግብርና ጽሕፈት ቤት ስንት ችግኝ እንዳፈላና እንደተከለ ሪፖርት ያቀርባል። ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስንት ተማሪ እንደተመዘገበ ሪፖርት ያቀርባል። የደንና የአራዊት ትምህርት ግን በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ግብርናው «የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው» ይላል፤ ትምህርት ቤቱ «የግብርና ነው» ይላል። በአዋጅ ቁጥር 575/2000 የተቋቋመው የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን በብሔራዊ ፓርኮቹ ተጠምዷል፤ የእኛ አምስት ሄክታር ደብር ፓርክ አይደለችም። ቤተ ክህነቱ የራሱ ብዙ ሸክም አለበት። ስለዚህ የሁሉም የሆነው የማንም ሳይሆን ይቀራል።

ክፍተቱን ለብዙ ዓመታት የሸፈነው የውጭ እርዳታ ነበር። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ይቋቋማል፤ ለተማሪዎቹ ቲሸርት ይታደላል፤ ለመምህሩ ሥልጠና ይሰጣል፤ ልጆቹም ደስ ብሏቸው ይማራሉ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ክበቡ ስሙ በግድግዳ ላይ ብቻ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት እርዳታውን ሲያቋርጥ በአገራችን ስንት ሥራ በሳምንታት ውስጥ እንደቆመ አይታችኋል። የልጆቻችንን ትምህርት በሌላ አገር ምርጫ ላይ ማንጠልጠል አይገባም።

ችግኝ መትከልን እየተቃወምኩ እንዳልሆነ ልትረዱልኝ ይገባል። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲታወጅ ብዙዎቻችን አካፋ ይዘን ወጥተናል፤ ልጆቻችንም አብረውን ነበሩ። ጥያቄዬ ከዚያ ቀን በኋላ ስላለው ነው። የተተከለው ይቆጠራል፤ የጸደቀው በዚያው ልክ አይቆጠርም፤ ተካዩ ልጅ ምን እንደተማረ ደግሞ የሚጠይቅ የለም። በአንድ ቀን ችግኝ አስተክለነው በማግሥቱ ወንጭፍ ይዞ ደን ሲገባ ዝም የምንለው ልጅ ከእኛ ምን ይማራል?

በዚህ ጊዜ ከመካከላችሁ አንዱ ተነሥቶ የሚለውን አውቃለሁ፤ ሲባልም ሰምቻለሁ። «ልጆቹ መቀመጫ የላቸውም፤ ጦርነቱ ስንት ትምህርት ቤት ዘግቷል፤ መምህራን ደመወዛቸው አልበቃ ብሏቸዋል፤ አንተ ስለ ጉሬዛ ታወራለህ?» ይህን የሚለውን ሰው አልንቀውም፤ ሕመሙ የሁላችንም ነው። በክልላችን ለዓመታት ደወል ያልተሰማባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ከዚያ የሚበልጥ ሐዘን የለኝም። ግን ሁለት ነገር እንዲያስብልኝ እለምነዋለሁ። አንደኛ፣ ጦርነትና ችግር ባለበት ጊዜ ነው ደን ይበልጥ የሚመነጠረው። መብራት ሲጠፋ ማገዶ ይፈለጋል፤ ሥራ ሲጠፋ ከሰል ይከሰላል፤ ሕግ ሲላላ ጠባቂው ብቻውን ይቀራል። ሰላም ሲመጣ እንመለስበታለን የምንለው ነገር ሰላሙ ሲመጣ ላይኖር ይችላል። ሁለተኛ፣ የምጠይቀው ገንዘብ ወንበር የሚቀማ አይደለም። ደኑ ከትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስ ነው፤ መኪናና ነዳጅ አይሻም። ለመምህሩ የግማሽ ቀን ሥራ፣ ለሚያስረዱት አባት የድካማቸው ዋጋ፣ በአማርኛ የተጻፈ የወፎችና የእንስሳት ሥዕል ያለበት መጽሐፍ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት አንድ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር፤ ይኸው ነው። የሚያስፈልገው መጠኑ አይደለም፤ በየዓመቱ መምጣቱ ነው። ትንሽም ብትሆን ራሷን የቻለች የበጀት ርዕስ ካላት ኃላፊ ይመደብላታል፤ ሪፖርት ይጠየቅባታል፤ ሰው ሲለወጥም አትጠፋም።

ይህን «የፈረንጅ ወሬ» የሚለውም አይጠፋም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው መናገሻን እንዳስተከሉ የሚነገረው በእኛው ታሪክ ነው። በዚያ ደን ዛሬም የምኒልክ ድኩላና ጉሬዛ ይኖራሉ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ ስለ አራዊታችን የሚጽፈውን መጽሔቱንም «ዋልያ» ብሎ ሰይሞታል። ሕገ መንግሥቱም ቢሆን በአንቀጽ 92 አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። ግዴታን ሳያስተምሩ ማስፈጸም የሚቻለው በዘብ ብቻ ነው፤ የዘብን መጨረሻ ደግሞ አይተናል።

አሁን ከሁሉ የከበደውን ልናገር። በሰበካ ጉባኤ ያላችሁትን ነው። ባለፉት ዓመታት በስንቱ ደብር ነባሩ ዛፍ ተቆርጦ በቦታው ባሕር ዛፍ ተተክሏል? ገቢ ያስገኛል ተብሎ ነው፤ አውቃለሁ። ስንቱ ወይራ ለአዲስ ሕንፃ፣ ለአዲስ አዳራሽ፣ ለሲሚንቶ መቃብር ወድቋል? ይህን ያዘዘ ወረዳ የለም፤ ያስገደደ ጦርነት የለም። ቃለ ጉባኤው የተፈረመው በእኛ እጅ ነው። በባሕር ዛፍ ሥር ጉሬዛ የሚበላው ቅጠል የለም፤ ፍሬ በሊታ ወፍም የምታርፍበት ምክንያት የላትም። አባቶቻችን በረኀብም በወረራም ዘመን ያልነኩትን ደን እኛ በደኅና ቀን ሸጥነው ቢባል የምንመልሰው መልስ የለንም። እባካችሁ፣ የምትፈርሙትን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ደኑ ውስጥ ገብታችሁ ቀና ብላችሁ እዩ። ከላይ ማን እንደሚኖር ሳታውቁ አትፍረዱበት።

በደኑ ውስጥ ደግሞ መምህራን አሉን፤ እኛ ግን እንደ መምህር ቆጥረናቸው አናውቅም። የአብነት ተማሪው ጎጆው ከዛፎቹ ሥር ነው፤ የትኛው ወፍ በየትኛው ወር እንደሚመጣ ያያል። መሪጌታው የቅጠሉን ስምና ሥራ ያውቃሉ። የደብሩ ዘበኛ ድኩላዋ የት እንደምትወልድ ያውቃል። ጫካ ዳር ያደጉ እናቶቻችን የትኛው የዱር ፍሬ እንደሚበላ፣ የትኛው እንደሚመርዝ ይለያሉ። እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ ከመካከላችን እየተለዩ ነው። ከእያንዳንዳቸው ጋር በየትም መጽሐፍ ያልተጻፈ ነገር አብሮ ይቀበራል። ለእነሱ የሚከፈል ጥቂት አበል የሕዝብ ገንዘብ ከሚውልባቸው ነገሮች ሁሉ የከበረው ነው ብዬ አምናለሁ። በአንድ የትምህርት ሰሚስተር ልጆች ጥቂት ጊዜ ብቻ ከእንዲህ ያለ አባት ጋር ደን ገብተው፣ ያዩትን እንስሳ ስም፣ የሚበላውን፣ የሚኖርበትን ዛፍ በደብተራቸው ቢጽፉ፣ ያ ደብተር ለትምህርት ቤቱ ቢቀመጥ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ምን እንደጠፋና ምን እንደተመለሰ የምናውቅበት የራሳችን መዝገብ ይኖረናል። እህል ጠባቂውን ልጅ ደግሞ በአዝመራ ወራት ወደ ክፍል ማምጣት ካልተቻለ መምህሩ ወደ ማማው ይሂድለት፤ ለዚያ የሚሆን ውሎ አበል መመደብ ነውር የለውም።

ስለ ጊዜውም ጥቂት ልጨምር። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የምክር ቤቱ ጉባኤም በዚያው ሰሞን ይጠራል። በጉባኤው ቀን መናገር ግን የዘገየ ነው። ሰነዱ ተጠርዞ ከመጣ በኋላ የሚቀየር ነገር ጥቂት ነው፤ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጽሕፈት ቤቶቹ ዕቅዳቸውን የሚያዘጋጁት ከዚያ ወራት አስቀድመው ነው። እንግዲህ ከአሁኑ ጀምሮ የትምህርቱንም የግብርናውንም ኃላፊ አግኟቸው፤ በአንድ ላይ አስቀምጧቸው። ሥራው የማን እንደሆነ በቃለ ጉባኤ እንዲጻፍ አድርጉ፤ ከሁለቱ አንዱ «የእኔ ነው» ብሎ ሳይፈርም አትነሡ። የደብሩን አስተዳዳሪ ጥሩ፤ ልጆች ወደ ደኑ በየትኛው በርና በየትኛው ቀን እንደሚገቡ ከእሳቸው ጋር ወስኑ። ከዚያ ሰነዱ ሲነበብ ርዕሱን በስሙ ፈልጉ። ከሌለ፣ ለምን እንደሌለ መልስ እስኪሰጣችሁ ድረስ በጀቱን ለማጽደቅ እጃችሁን አታውጡ።